የጓሮ አትክልት በውሃ ልክ
በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ለጀማሪ አትክልተኛ ቤተሰቦች ስለሚሰጥ ድጋፍ የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

አዊ ዞንን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ወራት የጎበኘ ሠራተኛ የምድሩን ልምላሜ አይቶ፣ «በዚህ አገር የተዘራ ሁሉ ይበቅላል» የሚል እምነት ይዞ መመለሱ የተለመደ ነው። እምነቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ዳንግላ በአማካይ በዓመት 1600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ወረዳ ናት፤ ይህም በድርቅ ከሚታወቁት አካባቢዎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ የላቀ ነው። ሆኖም ከዚህ ዝናብ አብዛኛው የሚጥለው ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ውስጥ ነው። ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ ምንጮች ይመነምናሉ፤ የጉድጓድ ውሃም በየሳምንቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። በመሆኑም በጓሮው አትክልት ሊያለማ የተነሣ ቤተሰብ፣ በዝናብ አገር እየኖረ፣ በየዓመቱ ከስድስት ወር ያላነሰ የራሱን ድርቅ መቋቋም ይኖርበታል።

ይህ ጉዳይ በእርዳታና በማቋቋም ሥራ ላይ የተሰማራውን ሠራተኛ በቀጥታ ይመለከተዋል። አካባቢው ከቤት ንብረቱ የተነቀለ ሕዝብ ሲቀበልና ሲያስተናግድ የቆየ ነው። በ1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች የተነሡ አያሌ ቤተሰቦች ከአዊ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የመተከል ቆላ፣ በፓዌ ሠፍረዋል። በሠፈራው የመጀመሪያ ዓመታት ዋናው የምግብ ምንጭ በትራክተር የሚታረስ የጋራ እርሻ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ያ አሠራር ሲፈርስ እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ጉልበትና በራሱ መሬት ላይ መቆም ግድ ሆነበት። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመተከል ዞን በጸጥታ መደፍረስ ምክንያት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአዊ ዞን ቻግኒ ከተማ አጠገብ፣ «ራንች» በሚባለው ሥፍራ ተጠልለው ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ከእህል ራሽን ቀጥሎ ለቤተሰቡ ከሚታደሉት ነገሮች አንዱ የአትክልት ዘር ነው። ዘሩ ቀላል ነው፤ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ለሪፖርትም ይመቻል። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ዘሩ ከታደለ በኋላ በጓሮው ውስጥ ምን እንደሚደርስበት ነው።

1. የአንድ ጀማሪ ጓሮ

ከዚህ በታች የቀረበው ምሳሌ የአንድ የተለየ ሰው ታሪክ አይደለም። በብዙ ጓሮዎች የሚያጋጥመውን ሁኔታ ለትምህርት እንዲያመች በአንድ ቤት ላይ ሰብስበን ያቀረብነው ነው።

ስድስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ በዳንግላ ከተማ ዳር ጎጆ ቀልሶ ተቀምጧል እንበል። አባትየው በቆላ በቆሎና ማሽላ ሲያመርት የኖረ ገበሬ ነው፤ የእርሻን ሥራ ያውቃል፤ ነገር ግን ችግኝ አፍልቶ አያውቅም። በጥቅምት መጨረሻ የቲማቲም፣ የጥቅል ጎመን፣ የካሮትና የቀይ ሽንኩርት ዘር በጥቅል በጥቅሉ ይደርሰዋል። የተሰጠውን ሁሉ መዝራት የሰጪውን ውለታ ማክበር ይመስለዋልና 100 ካሬ ሜትር የሚሆን መሬት በጥቂት ቀናት ቆፍሮ ዘሩን እንደ ጤፍ ይበትነዋል።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም መልካም ይመስላል። ችግኙ ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል፤ ጎረቤትም ያደንቃል። ማሳሳት እንደሚገባው የሚነግረው ሰው ቢመጣ እንኳ የበቀለ ነገር ነቅሎ መጣል ለተራበ ቤት ጭንቅ ነው። ውሃው የሚቀዳው 300 ሜትር ርቆ ከሚገኝ ጉድጓድ ሲሆን የሚያመላልሱት እናትየውና ታላቂቱ ልጅ ናቸው። ኅዳር ሲገባ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መዘግየት ትጀምራለች። የጎረቤት ፍየል አንድ ሌሊት ገብታ የጎመኑን እኩሌታ ትበላለች። ታኅሣሥ ላይ በሕይወት ያለው መሬት ከ30 ካሬ ሜትር አይበልጥም። በጥር ወር በጉድጓዱ አፍ ላይ ወረፋው ይረዝማል፤ የመጠጥ ውሃ የሚጠብቅ ሰው እያለ ለአትክልት መቅዳት ያስወቅሳል። በዚህ ሁኔታ ጓሮው ይደርቃል፤ ከወራት ድካም የተገኘውም ለጥቂት ቀን ወጥ የሚበቃ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

በሪፖርቱ ላይ ግን ይህ ቤተሰብ «የአትክልት ዘር ካገኙት» መካከል አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። እውነተኛው ጉዳት የሚታወቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሠራተኛው ዘር ይዞ ሲመለስ ቤተሰቡ «ሞክረነው ነበር፤ አልሆነም» ብሎ ይመልሰዋል። የጠፋው አንድ ጥቅል ዘር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በቀለለ ነበር። የጠፋው ቤተሰቡ በገዛ እጁ ምግቡን ሊያገኝ እንደሚችል የነበረው እምነት ነው።

2. የውሃው ሒሳብ

ይህ ቤተሰብ ስንፍና አልነበረበትም፤ ዘሩም መጥፎ አልነበረም። ስሕተቱ የመሬቱ ስፋት በዘሩና በጉልበቱ ተለክቶ በውሃው አለመለካቱ ነው። ሒሳቡ ቀላል በመሆኑ ማንኛውም ሠራተኛ በቃሉ ሊይዘው ይገባል።

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚጥል አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ልክ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በበጋ ወራት በደንብ የለማ የአትክልት መደብ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ በትነትና በቅጠሉ በኩል ያጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በቀን 4 ሊትር ያህል መተካት ያስፈልጋል ማለት ነው።

በዚህ ስሌት 100 ካሬ ሜትር ጓሮ በቀን 400 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 20 ጀሪካን ይጠጣል። ጉድጓዱ 300 ሜትር ቢርቅ የአንድ ጀሪካን የደርሶ መልስ ጉዞ 600 ሜትር ነው። ሃያው ጀሪካን 12 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ ከዚህም እኩሌታው 20 ኪሎ ግራም ተሸክሞ የሚኬድ ነው። ይህን ሥራ በየቀኑ ለሦስት ወር የሚችል ቤተሰብ የለም። ከላይ የተጠቀሰው ጓሮ የደረቀው በጥር ይሁን እንጂ ውጤቱ የተወሰነው መሬቱ በተቆፈረበት ቀን ነበር።

10 ካሬ ሜትር ጓሮ ግን በቀን የሚፈልገው 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የአትክልትና የእህል እጣቢ ከሆነው የቤት ውሃ ሊሸፈን ይችላል። ሳሙና የበዛበት ውሃ ግን ለመደቡ አይስማማም።

የዘሩንም ሒሳብ እንዲሁ ማየት ይጠቅማል። በአንድ ግራም የጎመን ዘር ውስጥ 300 ገደማ ፍሬ ይገኛል። አንድ የጎመን ተክል ከሌላው በ40 እና በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል በአንድ ካሬ ሜትር የሚይዘው 5 ብቻ ነው። አምስት ካሬ ሜትር መደብ 25 ተክል ይበቃዋል፤ የሚጠፋውም ታስቦ አንድ ግራም ዘር ይተርፈዋል። ከዚህ እንደምንረዳው በጀማሪ ጓሮ ውስጥ እጥረቱ የውሃና የመመሪያ እንጂ የዘር አይደለም።

3. ከዳንግሽታ የተገኘ ትምህርት

በዳንግላ ወረዳ የሚገኘው የዳንግሽታ ቀበሌ ለዚህ ትምህርት ሁለት ጠቃሚ ማስረጃዎችን ይሰጠናል።

አንደኛው፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ቀበሌ አርሶ አደሮች ራሳቸው የዝናቡን፣ የወንዙንና የጉድጓዱን ውሃ ልክ እየለኩ የመዘገቡበት ሥራ ነው። ጥልቀት በሌላቸው በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ውሃ ክረምቱን ተከትሎ እንደሚሞላ፣ በበጋውም እየወረደ እንደሚሄድ ከዚህ ዓይነቱ መዝገብ ለመረዳት ይቻላል። አንድን ጉድጓድ በጥቅምት አይቶ «ውሃ አለ» ብሎ መጻፍ ግማሽ እውነት ነው። መጠየቅ የሚገባው በመጋቢትና በሚያዝያ ምን ያህል እንደሚቀር ነው።

ሁለተኛው፣ በ2008 እና በ2010 ዓ.ም. መካከል ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በተሳተፈበት ምርምር በዳንግሽታ አርሶ አደሮች ማሳ የተካሄደው ሙከራ ነው። በሙከራው ውሃው ከጉድጓድ በመዘውር እየተሳበ በጠብታ መስኖ ለአትክልት ይደርስ ነበር። እያንዳንዱም መደብ ለሁለት ተከፍሎ እኩሌታው በተለመደው አኳኋን ሲቆፈር፣ እኩሌታው ሳይገላበጥ በገለባና በሣር ጉዝጓዝ ተሸፈነ። የተሸፈነው ወገን በአነስተኛ ውሃ የተሻለ ምርት ለመስጠት በቅቷል።

መዘውሩና የጠብታ መስኖው ለሁሉም ቤተሰብ ላይደርሱ ይችላሉ። ጉዝጓዙ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር ወይም የጤፍና የገብስ ገለባ በተክሎቹ መካከል ሲነጠፍ ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ እንዳትመታ ይከላከላል፤ አረምን ይቀንሳል፤ ውሎ አድሮም በስብሶ አፈር ይሆናል። ገለባው ለከብት መኖ የሚፈለግ ከሆነ የደረቀ ቅጠልና የተነቀለ አረም፣ ፍሬ ሳይዝ፣ ሊተካው ይችላል።

4. ከፍታ፣ ውርጭና አፈር

በአዊ ዞን ውስጥ አንድ ዓይነት ዘር ለሁሉም ማደል ያለውን ችግር ለመረዳት ከቻግኒ እስከ እንጅባራ ያለውን አቀበት ማሰብ ይበቃል። ቻግኒ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳንግላ 2100 ሜትር ገደማ፤ እንጅባራ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ። ለቻግኒ የሚስማሙት ቲማቲም፣ ቃሪያና ስኳር ድንች በእንጅባራ ዙሪያ፣ በባንጃ ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ባሉ ሌሊቶች የሚወርደውን ውርጭ አይችሉም። በደጋው ቤተሰብ ጓሮ ተቀዳሚ ቦታ ሊሰጣቸው የሚገባው የሐበሻ ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላና ካሮት ናቸው። ከቆላ የመጣ ተፈናቃይ የሚያውቀውን ቢጠይቅ አያስደንቅም፤ ሠራተኛው ግን የቦታውን ጠባይ ሊያስረዳው ይገባል። ለዚህም ከሁሉ የተሻለው አስተማሪ በዚያው ቀበሌ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ስታበቅል የኖረች የአካባቢው እናት ናት።

አፈሩን በተመለከተ፣ የዝናቡ ብዛት በአዊ ደጋማ ወረዳዎች ብዙ መሬት እንዲኮመጥጥ አድርጓል። በኮምጣጣ አፈር ላይ ተክል የተሰጠውን ማዳበሪያ በሚገባ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ሥሩም ያጥራል። ለሰፊ እርሻ የሚሰጠው መፍትሔ የግብርና ኖራ ሲሆን ልኩ በአፈር ምርመራ ይወሰናል። ለ10 ካሬ ሜትር ጓሮ ግን ከምድጃ የሚወጣው የእንጨት አመድ ሊያገለግል ይችላል። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ያህል አመድ ከመትከል ሳምንታት አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች የዲከረንስ ዛፍ ለከሰል በስፋት ስለሚለማ አመዱ አይጠፋም፤ ከከሰል ሥራ የተረፈውም ቅርንጫፍ ለአጥር ይሆናል። ሆኖም አመድ በድንች መደብ ላይ አይጨመርም፤ ልጣጩን ለሚያሻክር በሽታ ያጋልጠዋልና።

ትኩስ ፍግም በቀጥታ ሥር ላይ ሲደረግ ችግኝ ያቃጥላል። ከቅጠልና ከአፈር ጋር ተነባብሮ ሦስት ወይም አራት ወር የበሰበሰ ብስባሽ ግን አፈሩን ያለሰልሰዋል፤ ውሃ የመያዝ ኃይሉንም ይጨምራል።

5. የወራቱ አቆጣጠር

የጓሮ ሥራ የሚጀመረው ዘር በመጣበት ቀን ሳይሆን ወራቱ በሚፈቅደው ጊዜ ነው። ለዳንግላና ለእንጅባራ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

ሀ/ ነሐሴ መጨረሻ፦ ከአንድ ካሬ ሜትር ባልበለጠ፣ ከፍ ባለና የሣር ዳስ በተሠራለት መደብ ላይ የጎመን ችግኝ ይፈላል።

ለ/ መስከረም መጨረሻ፦ ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ በምሽት ይተከላል። አፈሩ ገና እርጥብ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክረምቱ በተወው ውሃ ያልፋል።

ሐ/ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት፦ በጉዝጓዝ ተሸፍኖ በጠዋት ወይም በምሽት ይጠጣል፤ ከታች ያለው ቅጠል እየተቀነጠሰ ይበላል።

መ/ መጋቢት፦ የጉድጓዱ ውሃ ለመጠጥ ብቻ ሲበቃ ጓሮው ያርፋል። ይህ ዕረፍት በዕቅዱ ውስጥ ያለ እንጂ ውድቀት አለመሆኑ ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይነገራል።

ሠ/ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት፦ የመጀመሪያው ዝናብ ሲይዝ ቶሎ የሚደርስ ድንች ይተከላል።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። ለብዙ ገበሬ ቤት እጅግ አስቸጋሪዎቹ ወራት ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰባቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ናቸው። በግንቦት የተተከለ ድንች ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ስለሚደርስ ከእህሉ ቀድሞ ጎተራው ባዶ የሆነውን ቤት ይታደጋል። ሆኖም የዘሩ ድንች ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግዴታ ነው። አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ከታመመ የዘር ድንች ጋር ስለሚተላለፍና በአፈር ውስጥ ስለሚቆይ፣ ምንጩ ያልታወቀ ድንች ከገበያ ገዝቶ ማደል ቤተሰቡን ከመርዳት ይልቅ ጓሮውን ለዓመታት ሊበክል ይችላል።

6. ሁለተኛው ዓመት

አሁን ወደ መጀመሪያው ቤተሰብ እንመለስ። በሁለተኛው ዓመት ሠራተኛው ዘር ሳይሆን ጥያቄ ይዞ ገባ እንበል፦ «ውሃውን የሚቀዳው ማን ነው? በጥር ወር በቀን ስንት ጀሪካን ለአትክልት ሊተርፍ ይችላል?»

እናትየዋ መልሱን ለማሰብ ጊዜ አላስፈለጋትም፤ «ሁለት» አለች። ባለፈው ዓመት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። በሁለት ጀሪካን ተመሥርቶ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ20 ስፋትና 4 ሜትር ከ20 ርዝመት ያላቸው ሁለት መደቦች ተሠሩ። አንደኛው ለጎመን ሆነ፤ ሁለተኛው ለነጭ ሽንኩርትና ለካሮት። የሰው ክንድ ከሁለቱም ወገን ወደ መካከል ስለሚደርስ መደቡ ላይ መርገጥ ቀረ። 10 ካሬ ሜትር ማጠር ደግሞ የሁለት ቀን ሥራ ስለሆነ ፍየሏም በውጭ ቀረች።

የዚህ ጓሮ ምርት ቤተሰቡን ከእህል ራሽን አያላቅቀውም፤ ይህንንም አስቀድሞ መናገር ከሐሰት ተስፋ ያድናል። ነገር ግን ከ25 የጎመን እግር በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚቀነጠስ ቅጠል በደረቅ እንጀራና በንፍሮ ብቻ ሊያልፍ በነበረው ማዕድ ላይ ይጨመራል። ሕፃናት ከስንዴና ከዘይት ራሽን በበቂ የማያገኙትን ቫይታሚን ከዚህ ያገኛሉ። «ጎመን በጤና» የሚለው የአባቶች አነጋገር በዚህ ቤት ትርጉም አለው። ልጅቷም በሰዓቱ ትምህርት ቤት ትደርሳለች። በሦስተኛው ዓመት ቤተሰቡ ሦስተኛ መደብ መጨመር ይችል እንደሆነ የሚወስነው ራሱ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

7. ለሠራተኛው የሚሆን መመሪያ

ዘር ከመታደሉ በፊት የሚከተሉት አምስት ነጥቦች በእያንዳንዱ መንደር ተጣርተው ይጻፉ፦

1/ ውሃው ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? በመጋቢት ወርስ ይገኛል ወይ?
2/ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ተጨማሪው ሥራ ከየትኛው ሰዓቱ ይወሰዳል?
3/ ለአትክልት የሚተርፈው ውሃ በቀን ስንት ሊትር ነው? ይህ ለአራት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የመደቡ ስፋት በካሬ ሜትር ነው።
4/ የሚታደለው ዘር ለቦታው ከፍታና ለወሩ ተስማሚ ነው?
5/ ዘሩ ከታደለ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጓሮውን ተመልሶ የሚያየው ማን ነው?

ሪፖርትም ሲዘጋጅ የታደለውን ጥቅል ከመቁጠር ይልቅ በጥር ወር በለምለምነት የተገኘውን መደብ መቁጠር ይገባል። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ያነሰ መሆኑ አይቀርም፤ እውነተኛ በመሆኑ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መሠረት ይሆናል።

ማጠቃለያ

የአዊ ምድር ለም ነው፤ ክረምቱም ለጋስ ነው። ይሁን እንጂ ጀማሪው አትክልተኛ የሚፈተነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከቀየው ተነቅሎ በአዲስ አካባቢ እንደገና ሊቆም የሚሞክር ሰው የመጀመሪያ ጥረቱ ፍሬ ማፍራቱን ማየት አለበት። ያ ፍሬ ትንሽ ቢሆንም የሚቀጥለው ጥረት መነሻ ነው። ሰፊ ጓሮ ተሰጥቶት የከሸፈበት ቤተሰብ ድጋሚ ለመሞከር ይፈራል፤ በውሃው ልክ ትንሽ መደብ ሠርቶ የበላ ቤተሰብ ግን ሌላ መደብ ለመጨመር የማንንም ጉትጎታ አይጠብቅም። ስለዚህ ከዘሩ በፊት ውሃው ይለካ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ቀበሌ ባለፈው ዓመት የአትክልት ዘር ካገኙት ቤተሰቦች መካከል በጥር ወር ጓሯቸው የታየው ስንቶቹ ናቸው?
2. አንድ ቤተሰብ በቀን ሦስት ጀሪካን ባለ 20 ሊትር ውሃ ለአትክልት ማዋል ቢችል ስንት ካሬ ሜትር መደብ ሊሠራ ይገባዋል? መደቡ በጉዝጓዝ ቢሸፈንስ ምን ይለወጣል?
3. ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ ቤተሰብ የለመደውን የአትክልት ዓይነት ቢጠይቅ ምኞቱን ሳትንቁ የቦታውን ጠባይ እንዴት ታስረዱታላችሁ?
4. በአካባቢያችሁ ለጀማሪዎች አስተማሪ ሊሆኑ የሚችሉ የጓሮ አትክልት ባለልምዶች እነማን ናቸው? ጊዜያቸውን ሲሰጡ ምን ዓይነት ድጋፍ ሊደረግላቸው ይገባል?